እርሳስ ወይስ ቢክ? ለመስክ ወጥቶ ሊስትሮ ለመሳል

ሊስትሮ አንድ ጫማ እስኪጨርስ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በመጀመሪያ ግን ፈቃድ መጠየቅ ነው።

4ቢ የሚባለው ለስላሳና ጠቆር ያለ እርሳስ ለጥላ ይመቻል፤ በጎኑ ተጋድሞ ከጉንጭ ሥር ያለውን ጨለማ በአንድ ጊዜ ያለብሳል፣ ስህተትም ይጠፋል። ጣጣው መንገድ ላይ ነው። መኪናው ሲያንገጫግጭ ገጾቹ ይፋተጉና ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። በየሥዕሉ መሀል ስስ ወረቀት ማስገባትና ደብተሩን በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይረዳል።

ቢክ ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል፤ መቅረጫ አይፈልግ፣ በመፋተግ አይለቅ። አይጠፋም ብሎ መፍራት አያስፈልግም፦ ሳይጫኑ ከያዙት እንደ እርሳስ የሳሳ መስመር ያወጣል። በዚያ መስመር የጭንቅላቱን ሞላላና ትከሻውን ማስያዝ፣ ከዚያ ማድመቅ። ቀና ባለ ፊት ላይ ዓይን የሚያርፈው በአናትና በአገጭ መሀል ላይ ነው፤ ጎንበስ ያለ ሊስትሮ ላይ ግን አናቱ ሰፍቶ ስለሚታይ ዓይኑ ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ጫፉ ላይ የሚጠራቀመው ቀለም ጉንጩን እንዳያበላሽ ቶሎ ቶሎ በቁራጭ ወረቀት መጥረግ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ግን ይደበዝዛል።

ሥዕሉን ለባለቤቱ ሰጥቶ ለመሄድ ከታሰበ ቢክ ያዋጣል፤ በእርሳስ የተሳለው ኪስ ውስጥ ታጥፎ ሲውል ይጨማለቃል።