ካንጂ ለሚያነብ ሰው የኤሌክትሮኒክ መዝገበ ቃላት ዛሬም ይጠቅማል

እዚህ ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ፣ ጃፓንኛ የሚማሩ ወገኖቼ «ስልክ እያለ ይህን ለምን ገዛሽ?» ይሉኛል። ከአኪሃባራ፣ ከቶኪዮ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ሰፈር፣ የገዛሁት ያገለገለ የኤሌክትሮኒክ መዝገበ ቃላት ነው፤ የገዛሁትም በውስጡ ላሉት የምሳሌ ዐረፍተ ነገሮች ስል ነው።

ካንጂ ጃፓንኛ የሚጻፍባቸው ከቻይና የመጡ ፊደላት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የዘወትር ካንጂ ዝርዝር 2136 ፊደላት አሉት። ከብዛታቸው ይልቅ የሚያደክመው አንዱ ፊደል እንደ ጎረቤቱ ድምፁን መለዋወጡ ነው። ሕይወትንና መወለድን የሚያመለክተው ካንጂ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ብቻ 12 ንባቦች አሉት። በ«ጋኩሴይ» (ተማሪ) ሴይ፣ በ«ኢሾ» (ዕድሜ ልክ) ሾ፣ በ«ናማታማጎ» (ጥሬ እንቁላል) ናማ ይባላል። እኛም «ገና»ን ማጥበቅ ወይም ማላላት እንዳለብን የምናውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው፤ የካንጂው ግን ከመጥበቅና ከመላላት እጅግ ይሰፋል።

ንባቡን የማታውቁትን ፊደል በድምፁ ልትፈልጉት አትችሉም። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ በብዕር የማያስጽፍ ሞዴል በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ! በእጅ መጻፍ ደግሞ ዐይንን ያሠለጥናል፤ በስልክ ካሜራ ሲታይ የሚያመልጥ ጭረት ሲጻፍ አያመልጥም።

«ሰው» እና «መንፈስ» የሚሉትን ሁለት ካንጂዎች አጣምራችሁ ጻፉ። «ኒንኪ» (ተወዳጅነት) እና «ሂቶኬ» (የሰው ዝር ማለት) ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ አጻጻፋቸው አንድ ነው። ምሳሌዎቹን ስትከፍቱ ስለ ዘፋኝ ሲሆን ኒንኪ፣ ስለ ጭር ያለ መንገድ ሲሆን ሂቶኬ መሆኑን በዐይናችሁ ታያላችሁ። ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ባትሪ ድንጋይ ይህን ማድረጉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አዲሱ ውድ ስለሆነ ያገለገለውን ፈልጉ። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ብዕሩ በስክሪኑ ማዕዘኖች ሁሉ መሥራቱን ሞክሩ።

በስም ላይ ግን ብዙ አትተማመኑበት። በአንድ ዓይነት ካንጂ የተጻፈው ድልድይ ቶኪዮ ውስጥ ኒሆንባሺ፣ ኦሳካ ውስጥ ኒፖንባሺ ነው፤ ልዩነቱን የሚነግራችሁ ከተማው ብቻ ነው። የሰው ስም ከዚህም ይብሳል። ባለቤቱን ጠይቁ፤ ጃፓናውያንም በቅጾቻቸው ላይ ከስም በላይ ንባቡ የሚሞላበት ቦታ የሚተዉት ለዚሁ ነው።