ሁሉንም አጣርቶ የጨረሰው ማጣሪያዬ

አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018። ሲኪው ወርልድ ዋይድ የሚባለው የአማተር ሬዲዮ የሞርስ ኮድ ውድድር የሚጀመረው ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ቡናዬን አፍልቼ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ጠበቅኩ። ማን የት እየተሰማ እንደሆነ ለይቶ የሚነግረኝ ፕሮግራም፣ ማጣሪያው፣ ዝም። 9 ተኩል፣ ዝም። 10 ሰዓት ሆነ፣ አንድ መስመር የለም።

እኔ አስተላላፊ የለኝም፤ አድማጭ ነኝ። ባሕር ዳር ሽምብጥ ካለው ቤታችን ጣሪያ እስከ ማንጎው ዛፍ የዘረጋኋት ሽቦ አለችኝ። እሷ የተበጠሰች መስሎኝ በዚያ ጨለማ ባትሪ ይዤ ዛፍ ላይ ወጣሁ። እናቴ በመስኮት፣ “አንተ ልጅ፣ ሌባ ነው ብለው ይፈነክቱሃል!” ብላ ጮኸች። ሽቦዋ ደህና ናት። ተመልሼ ሬዲዮኑን በእጄ ሳዞር 7 ሜጋኸርዝ ላይ መርፌ መጣያ የለም። ዓለም በሙሉ ጥሪ ያሰማል። ዝም ያለው የኔ ማጣሪያ ብቻ ነው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በየአገሩ ስኪመር የሚባሉ ፕሮግራሞች ሞርሱን በራሳቸው እየሰሙ፣ ማን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ጥሪ እንደሚያሰማ በኢንተርኔት ያሳውቃሉ። ሪቨርስ ቢከን የሚባለው መረብ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በውድድር ቀን ጥቆማው እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል። ማጣሪያ የገዛሁትም ለዚህ ነው። የስድስት ወሩን ክፍያ የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሆኖ በካርዱ ከፈለልኝ።

ጥፋቱን ያገኘሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። በማጣሪያው ቅንብር ውስጥ “በአካባቢህ የተሰሙትን ብቻ” የምትል ምልክት ከመጀመሪያው ተደርጋ ትመጣለች። አካባቢ ማለት 1,000 ኪሎ ሜትር ነው። ጀርመን ለተቀመጠ ሰው ብልህ ሐሳብ ነው፤ ጎረቤቱ ያለ ስኪመር የሰማውን እሱም ይሰማዋል። ከጣና ዳር 1,000 ኪሎ ሜትር ስለካ ግን ፕሮግራሙ ከሚያውቃቸው ስኪመሮች አንድም የለም። ያለው የአውሮፓ ነው፤ እሱ ደግሞ ሩቅ ነው።

ሻጩ ፊቴ ቢሆን “ቅንብሩን አላየህም እንዴ?” እንደሚለኝ አውቃለሁ። አየሁት ጌታው። ግን ባዶ ሲሆን “በአካባቢህ ማንም የለም” ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ምን ያቅተዋል? ጣና ላይ ያደገ ሰው ዓሣ በሌለበት መረብ አይጥልም። ከጣለም ዛፍ አያስወጣም።

ምልክቷን ሳነሳት ጎርፉ መጣ። የአውሮፓ ስኪመሮችን ብቻ፣ 7 እና 14 ሜጋኸርዝን ብቻ እንዲያሳየኝ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ መብራት ካልጠፋ በስተቀር ደህና ሠርቷል።

አንድ ነገር ግን አስቆኛል። እሑድ፣ የኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ማጣሪያው እንደ አምቡላንስ ጮኸ። ቶንጋ! ከፓስፊክ መሀል! እራቴን ጥዬ ሮጥኩ። ስሰማው ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ፈጠን ያለ እጅ፣ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ አንድ ሰረዝ። በሞርስ ነጥቧ ኢ ፊደል ናት፣ ሰረዟ ቲ። በሬዲዮ መለያ ኢ ቲ 3 ማለት እኛው ነን፣ ኢትዮጵያ። ስኪመሩ ሁለቱን አጣብቆ ኤ አድርጓቸዋል፤ ኤ 3 ደግሞ የቶንጋ መለያ ነው። ያገሬን ልጅ ቶንጋዊ አድርጎ ነው የሸጠልኝ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሦስት ስኪመሮች ካልመሰከሩ እንዳይጮህ አድርጌዋለሁ። ደካማ ጣቢያ ሊያመልጠኝ ይችላል፣ ይሁን።

ትናንት የአጎቴ ልጅ ደውሎ “ለግንቦቱ ውድድር ላድስልህ?” አለኝ። ቶንጋዬ ትዝ ብላኝ ስቄ “አድስልኝ” አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ላፕቶፑን ስከፍት ፕሮግራሙ ራሱን አዘምኗል። ያቺ ምልክት ቦታዋ ተመልሳለች።