ኢንዲፔንደንስ ሆል (ፊላደልፊያ)፦ ቤቱ ድንቅ፣ ጉብኝቱ አጭር

አሥራ ሦስቱ የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከብሪታንያ ለመለየት የወሰኑት በዚህ ቤት ውስጥ ነው። ለታሪክ ግድ ያለው ሰው ሊያየው የሚገባ ቦታ ነው። ሆኖም በፓርኩ አስጎብኚ የሚመራው ጉብኝት ከግማሽ ሰዓት የዘለለ ስላልሆነ፣ ሳያነብ የገባ ሰው ወንበርና ጠረጴዛ አይቶ ይወጣል።

መግቢያው ነጻ ነው፤ በኢንተርኔት ለማስያዝ ግን በአንድ ትኬት 1 ዶላር ይከፈላል። ከማርች እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ሰዓት የተጻፈበት ትኬት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍተሻውን ሳያስብ ልክ በሰዓቱ ሲደርስ ነው፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድሞ መገኘት ይሻላል። የነጻነት ደወሉ (ሊበርቲ ቤል) ያለበት ሕንጻ ትኬት ባይጠይቅም የራሱ ሰልፍ ስላለው፣ ከጉብኝቱ በፊት በመሐል እዚያ ገብቶ መሰለፍ ሰዓቱን አሳልፎ ትኬቱን ከንቱ ያደርጋል።

ዋናው ክፍል ግን ልብ ይነካል። ለየቅኝ ግዛቱ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ይህ አደራደር ራሱ ትምህርት ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው በሰው ቁጥር ሳይሆን በቅኝ ግዛት ነበር፣ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ። ጁላይ 1 ቀን 1776 የሙከራ ድምፅ ሲሰጥ ዘጠኙ ደገፉ፤ ፔንሲልቬንያና ሳውዝ ካሮላይና ተቃወሙ፤ የደላዌር ሁለት ተወካዮች ለሁለት ተከፈሉ፤ ኒውዮርክ ከግዛቱ ፈቃድ ስላልመጣለት ዝም አለ። በማግሥቱ ሦስተኛው የደላዌር ተወካይ ሴሳር ሮድኒ ሌሊቱን በፈረስ ጋልቦ ደርሶ ደላዌርን አቀና፣ ሳውዝ ካሮላይና ሐሳቧን ቀየረች፣ ከፔንሲልቬንያ ተቃዋሚዎቹ ጆን ዲኪንሰንና ሮበርት ሞሪስ ከድምፁ ስለራቁ እሷም ደገፈች። በ12 ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ አለፈ። የነጻነት መግለጫው ጽሑፍ የጸደቀው ጁላይ 4 ሲሆን፣ አብዛኞቹ የፈረሙት ግን ኦገስት 2 ነው። አስጎብኚው ይህን ካልነገረ መጠየቅ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጀርባው ላይ ፀሐይ የተቀረጸበት የዋሽንግተን ወንበር እውነተኛ ቢሆንም የተሠራው በ1779 ነው፤ የሚያያዘውም ከ1787ቱ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ጋር እንጂ ከነጻነቱ መግለጫ ጋር አይደለም። ከሌላው ዕቃ አብዛኛው የዘመኑ እንጂ የዚያው ክፍል አይደለም። ለፊርማው ያገለገለው ከብር የተሠራ የቀለም መያዣ ያለው በምዕራቡ ክንፍ ነው፤ ብዙ ጎብኚ ሳያየው ይሄዳል።

የጉብኝቱ ትልቁ ጉድለት ነጻነት በአንድ ቀን በወረቀት የተገኘ ማስመሰሉ ነው። እንግሊዞች በ1777 ይህችኑ ከተማ ያዙ፤ የነጻነቱ ጦርነት በሕግ ያበቃው በሴፕቴምበር 3 ቀን 1783 በፓሪስ ውል ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ጥቂት መንገዶች ርቆ የሚገኘው የአሜሪካ አብዮት ሙዚየም ነው (የሚከፈልበት፣ በ2017 የተከፈተ)። ብሪታንያ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችው የሰባቱ ዓመት ጦርነት ዕዳ እንዴት የ1765ቱን የቴምብር ቀረጥ (በታተመ ወረቀት ላይ የተጣለ ግብር) እንደወለደ፣ ቅኝ ግዛቶቹ የእንግሊዝን ዕቃ ባለመግዛት በዓመቱ እንዴት እንዳሰረዙት ከሥሩ ይከተላል። አሜሪካውያን ሳራቶጋ ላይ እንግሊዞችን ድል ካደረጉ በኋላ ፈረንሳይ በ1778 ባትገባ ኖሮ ውጤቱ አጠራጣሪ ነበር፤ በመጨረሻው ትልቅ ውጊያ በዮርክታውን የእንግሊዞቹን መውጫ ባሕር የዘጉት የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ናቸው። ሙዚየሙ የኦናይዳ ሕዝብን (ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱን) እና በባርነት የነበሩ ጥቁሮችንም አልረሳም፤ በባርነት የነበሩት የትኛው ወገን ነጻ እንደሚያወጣቸው አስልተው ነበር የሚሰለፉት። የዋሽንግተን የጦር ሜዳ ድንኳንም እዚያው አለ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ ጠዋት ሙዚየሙ፣ ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ያህል። ቀጥሎ በ1774 የቅኝ ግዛቶቹ የመጀመሪያው ጉባኤ የተቀመጠበት ካርፔንተርስ ሆል፤ በየቀኑ ስለማይከፈት ቀኑን ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ኢንዲፔንደንስ ሆል መጨረሻ፣ የከሰዓት ትኬት ተይዞ።