ጣሪያ ቀያሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ቤት ማዘጋጀቱን ግን ማንም አይነግራችሁም

የቤታችንን ቆርቆሮ ለቀየሩልን ሰዎች ከአምስት አራት እሰጣለሁ። ላይ ለሠሩት ሥራ ሙሉ አምስት ይገባቸዋል። ነጥብ ያስቀነሳቸው ከጣሪያው በታች ያለው ጉዳይ ነው። ስማቸውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ምስጋናውም ወቀሳውም አንድ ላይ ስለሆነ፣ ደግሞም ማንንም ብትቀጥሩ የምትጠይቁት ነገር ያው ስለሆነ።

አለቃቸው ቤቱን ሊያዩ የመጡ ቀን "ጋሼ፣ ከእኛ ምን ይጠበቃል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "አታስቢ ልጄ፤ እናንተ ቁጭ በሉ፣ ሌላውን ለእኛ ተዉት" አሉኝ። ደግ ንግግር ነው። ግን ጣሪያው እየተነሳ ቁጭ የሚባልበት ቤት የለም።

አቧራውን አስቀድማለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ስለሆነ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሃል ያለው ባዶ ቦታ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ተጠርጎ አያውቅም። የወፍ ጎጆ ጭራሮ፣ የአይጥ ኩስ፣ የዝገት ብናኝ፣ ምኑ ቅጡ። አሮጌው ሚስማር በመዶሻ ሲነቀል ያ ሁሉ ይነቃነቅና ቀዳዳ ባገኘበት ይወርዳል። ሳሎናችን ውስጥ አምፖሉ በተንጠለጠለበት ዙሪያ ጣት የማታስገባ ክፍተት አለች። ሥራው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ በዚያች ክፍተት ጥቁር ዱቄት ቀስ እያለ ወረደና ጠረጴዛው ላይ ክብ ሠርቶ ቁጭ አለ። ጠረጴዛው በላስቲክ ተሸፍኖ ስለነበር ጠቅልዬ አወጣሁት። አንሶላ ብቻ አልብሰነው ቢሆን ኖሮ ግማሹ አልፎ እንጨቱ ላይ ያርፍ ነበር። ስለዚህ ላስቲክ ይሁን፤ ጠርዙም በፕላስተር ይለጠፍ። ልብስ ከቁም ሳጥን ባይወጣም ችግር የለውም፤ የበሩ ክፍተት ግን ይታሸግ። ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን ግን ሸፍኖ ከመተው ከነጭራሹ ወደ ሌላ ቤት ቢወሰዱ ይሻላል።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለውንም አውርዱ። መዶሻው የሚመታው ላይ ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ግን ቤቱ በሙሉ ነው። እናቴ የፎቶዎቿን ነገር "ስንት ዓመት ተሰቅለው የኖሩ ናቸው፣ ምን ይሆናሉ?" ብላ እምቢ አለች። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሲላቀቅ አንደኛው ፍሬም ወደ ጎን ዘመም አለ። ምንም ሳትናገር ተነስታ ሁሉንም አንድ በአንድ አወረደቻቸው። እኔም ምንም አላልኩም።

በነገራችን ላይ ድምፁ ቀልድ አይደለም። እንቅልፍ የሚያስፈልገው ሕፃን፣ የታመመ ሰው ወይም አዛውንት ካለ ቀኑን ሌላ ቦታ ቢያሳልፍ ይሻላል። ውሻና ድመትም እንዲሁ። ለጎረቤትም ቀድሞ መንገር ነው፤ አቧራው አጥር አይቶ አይቆምም፣ የእነሱም ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይሆናል።

ከኮርኒሱ በላይ ያለው የኤሌክትሪክ ገመድ የራሱ ጣጣ አለው። ሠራተኛው ሲረግጠው ወይም ረጅም ሚስማር ሲያገኘው አደጋ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ገመዶቹ በየት በየት እንደሚያልፉ አይቶ ቢያሳያቸው ጥሩ ነው። ከውጭ የሚገባው መስመር ጣሪያው ጠርዝ ላይ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁም ሠራተኞቹም እንዳትነኩት። የመብራት ድርጅቱ ሥራ ነው፤ ቀጠሮውም ከጣሪያው ቀን በፊት ነው የሚያዘው። ኮርኒስ የሰው ክብደት እንደማይሸከምም ለቤተሰቡ ይነገር። ላይ ሰው እየሠራ ከሥር ባለው ክፍል ማንም አይቀመጥም።

አሁን ወደ ምስጋናው። አለቃው ገና ከመጀመራቸው "ዝናብ ሲመጣ ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚነፍሰው?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። ቆርቆሮ መደርደር የሚጀመረው ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጫፍ ነው። እንደዚያ ሲሆን የመደራረቢያው አፍ ለነፋስ ጀርባውን ይሰጣል፤ ውሃም ተገፍቶ አይገባም። ከላይ ወደ ታች ያለው መደራረብ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መሆኑንም በሜትር ለክተው አሳዩኝ። ጣሪያው ሜዳ እየሆነ በሄደ ቁጥር ይኼ ቁጥር ከፍ ይላል። መሰላላቸውም ልክ ነበር። ለአራት ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ራቅ ይላል፤ ጫፉ ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ያልፋል። መሰላል አቁሞ የማያውቅ ሰው ጣሪያዬ ላይ ባይወጣብኝ እመርጣለሁ።

ብሎኑን ሲያስሩም ቆሜ አየሁ። ሞገዳማ ቆርቆሮ የሚበሳው ጉብታው ላይ ነው፤ በቦዩ ውሃ ይወርድበታል። ከብሎኑ ራስ ሥር ጎማ አለ። አለቃው እያንዳንዱ ከታሰረ በኋላ በአውራ ጣታቸው ጎማውን ዙሪያውን ይዳስሱታል። ትንሽ ተጨፍልቆ ከሥሩ ብቅ ካለ ይበቃዋል። አንዱ ልጅ አጥብቆ አስሮት ጎማው ወደ ጎን ተተርትሮ ወጣ፤ ቆርቆሮውም ጎደጎደ። "ፍታው፣ ቀይረው" አሉት። ልጁ እያጉረመረመ ፈታ። ከላላ ያፈሳል፣ ከጠበቀ ጎማው ይሰነጠቅና ቆይቶ ያፈሳል። እኔ ለዚህ አውራ ጣት ነው አምስቱን የሰጠሁት።

ወቀሳው ደግሞ ይኼውላችሁ። አዲሱ ቆርቆሮ የሚቀመጥበትን ቦታ አዘጋጁ ያለን ሰው የለም። መኪናው መጣና ሣሩ ላይ ሊያራግፈው ሲል ደረስኩበት። ተነባብሮ የተቀመጠ ቆርቆሮ መሃሉ ውሃ ከገባ አየር ስለማያገኝ ብረቱ የተሸፈነበት ዚንክ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ያረጃል ማለት ነው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ በአንድ በኩል ዘንበል ያለ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ ይፈልጋል። ጣውላ ደርድረን ከበረንዳው ሥር አስገባነው። ስትረከቡ ጌጁንም፣ ማለትም የውፍረቱን ቁጥር፣ ተመልከቱ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እየሳሳ ነው የሚሄደው። ባለ 32 ከባለ 28 ይበልጣል ብሎ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ።

ሁለተኛው ግራይንደር ነው። ከልጆቹ አንዱ የተደረደረው ቆርቆሮ ላይ ቁጢጥ ብሎ በግራይንደር መቁረጥ ጀመረ፤ የእሳቱ ፍንጣሪ አዲሱ ጣሪያ ላይ ይረግፋል። ከታች ሆኜ ጮህኩ። ለምን መሰላችሁ? ሞገዳማ ቆርቆሮን ሄንሪ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ብረቱን በቀለጠ ዚንክ የመሸፈኑን ዘዴ ደግሞ ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 ፈረንሳይ ውስጥ አስመዘገበ። ቆርቆሮ በዓለም ሁሉ ጣሪያ ላይ የወጣው ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ነው። ግራይንደሩ እንግዲህ የሶሬልን ድካም ያቃጥለዋል። የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ሽፋኑ በሙቀት ይነሳል። ፍንጣሪውም ያረፈበት ላይ ይጣበቅና ዝናብ ሲነካው እንደ ጠቃጠቆ ይዝጋል። መቁረጫው የቆርቆሮ መቀስ ነው፤ ቦታውም መሬት ነው። ልጁ "እትዬ፣ ቶሎ እንዲያልቅላችሁ ብዬ እኮ ነው" አለኝ። አለቃው መቀሱን ወረወሩለትና በመጥረጊያ አስጠረጉት። ተነግሯቸው ያስተካክላሉ፤ ይኼ አይካድም።

ዝናብን በተመለከተ ጥሩ ሠሩ። የከፈቱትን ያህል በዚያው ቀን ከደኑ እንጂ ቤቱን አንዴ ራቁቱን አላስቀሩትም። ሸራ ግን ከእኛ ነው የወጣው፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሸራው በጣሪያው አናት ላይ ተሻግሮ ወደ ሌላው ወገን መውረድ አለበት። ከአናቱ በታች የተወጠረ ሸራ ውሃን ከሥሩ ያስገባዋል።

ሲከፈት የበሰበሰ እንጨት መገኘቱ አይቀርም። የእኛም ከአሸንዳው በላይ ያለው ሞራሌ በጣት ሲነካ ተፈረፈረ። የእንጨቱ ሒሳብ በሜትር ስንት እንደሆነ ውሉ ላይ ቀድሞ ካልተጻፈ፣ ጣሪያው ተከፍቶ ሰማይ እያያችሁ ነው የምትከራከሩት። እኛ አስጽፈን ስለነበር ጭቅጭቅ አልነበረም። ያለውን ስንጥቅም ከውስጥም ከውጭም አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱ፤ በኋላ "ድሮም ነበረ" የሚለው ክርክር በፎቶ ያልቃል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ነው። አሮጌው ጣሪያ ብረት ሳይሆን ግራጫ፣ ሲሚንቶ መሳይ ሞገዳማ ክዳን ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነት ካንሰር ያመጣል። እንዲህ ያለው ክዳን አይሰበርም፣ አይጋዝም፣ በደረቁ አይጠረግም። የሚነካውም ይህንን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ተራ ቆርቆሮ ቀያሪ "እናወርደዋለን" ቢላችሁ አመስግናችሁ ሸኙት።

ሲጨርሱ ግቢው የተጠረገ ይመስል ነበር። የድምፅ ማጉያ ማግኔት በገመድ አስሬ ሣሩ ላይ ስጎትት ግን ሚስማሩ ጢም አብቅሎ መጣ። ከጽጌረዳው ሥር ያሉት ደግሞ በእጅ ተለቀሙ። የመኪና ጎማና የልጅ እግር የሚያገኘው እነዚህን ነው። ስለዚህ መኪናችሁን ከግቢ አውጡ፤ አበባችሁን በሸራ ሸፍኑ፤ ሸራውን ስታነሱም ሚስማሩን አብራችሁ ታወጣላችሁ። የዝናብ ውሃ የምታጠራቅሙ ከሆነ ከአሸንዳ ወደ ታንከር የሚወርደውን ቱቦ ገና ከጅምሩ ንቀሉት። ከአዲሱ ጣሪያ የሚወርደውን የመጀመሪያ ዝናብም አፍስሱት፤ ብናኙንና የፋብሪካ ቅባቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

አሮጌውን ቆርቆሮ ጎረቤት አጥር ላይ አስደግፈውት ሄዱ። "ማንሳቱ በውሉ የለም" አሉ፤ እውነትም የለም። ዲሹን ደግሞ ነቅለው መልሰው ተከሉት፤ አቅጣጫውን ማስተካከል ግን የእነሱ ሥራ እንዳልሆነ ነገሩኝ። እናቴ እስካሁን የምታየው ቻናል የላትም፤ በኔ ነው የምታኮርፈው። እንደገና ጣሪያ ቢኖረኝ እነሱኑ እጠራለሁ። ውሉ ላይ ግን ዲሹን፣ ሸራውን፣ የአሮጌውን ቆርቆሮ ማንሳትና የሚስማር መልቀሙን በስም በስማቸው አስጽፌ ነው የምፈርመው።