አርኮ ወይስ ቬርዶን?

አራት ጓደኛሞች ነን፤ ከሙኒክ በመኪና ተነስተን ገደል ልንወጣ ነው። የጣሊያኗ አርኮ ወይስ የፈረንሳዩ የቬርዶን ሸለቆ?

አርኮ ትቀርባለች። መንገዱ በኦስትሪያ አልፎ፣ የብሬነርን የተራራ መተላለፊያ አቋርጦ ይወርዳል። ካልተጨናነቀ የአራት ሰዓት ገደማ ጉዞ ነው። የኦስትሪያን ቪኜት (የፈጣን መንገድ መጠቀሚያ ፈቃድ) ቀድማችሁ ግዙ፤ ብሬነር ላይ ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። ከተማዋ ከጋርዳ ሐይቅ በስተሰሜን፣ የወይራ ዛፎች መሃል ናት። ገደሉ አናት ላይ የድሮ ግንብ አለ። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስመ ጥር ገደል ወጪዎች የሚወዳደሩባት ይህችው ከተማ፣ ለጀማሪም የሚሆን አጫጭር መውጫ ሞልቷታል። ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ሐይቅ ዳር አይስክሬም መብላት ይቻላል።

ቬርዶን ግን ሌላ ነገር ነው። ለመድረስ ብቻ ሙሉ ቀን ይነዳል። ሸለቆው እስከ 700 ሜትር ይጠልቃል፤ ከታች ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። አወጣጡም ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። መኪናውን አፋፉ ላይ ታቆሙና በገመድ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ገመዱ ይሳባል፤ መመለሻው በገዛ እጅና እግር መውጣት ነው። አሞራው ከእግራችሁ ስር ሲያንዣብብ የምታዩት ጀርባውን ነው። ልብ ይሰርቃል! ግን መሃል ላይ ጉልበት ቢከዳ ወይም ዝናብ ቢመጣስ?

ከአራታችን ሁለቱ ገመድ ከያዙ ዓመት አልሞላቸውም። እነሱን እዚያ ገደል ላይ አላንጠለጥልም። ዘንድሮ አርኮ እንሂድ ባይ ነኝ።