ስለ ሰዎች ማጥናት ወይስ ከሰዎች ጋር ማጥናት?

ዩኒቨርሲቲ በጥናቱ የተገለሉ ሰዎችን ሊያግዝ ሲነሳ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከሩቅ ሆኖ መከታተል ነው፤ ሌላው አብሮ መሥራት።

ለመጀመሪያው «ያንግ ላይቭስ»ን ልውሰድ። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ጥናት ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ 20 ቦታዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን እየተመላለሰ ጠይቋል። ማን ትምህርት አቋረጠ? ማን ያለ ዕድሜዋ ተዳረች? የድሃው ልጅ ወደኋላ የቀረው ስንት ዓመቱ ላይ ነው? ይህን የአንድ ጊዜ መጠይቅ አያሳይም። ባለሥልጣን ፊት ቁጭ ብሎ ለመከራከርም ቁጥር የሌለው ሰው ባዶ እጁን ነው። ግን ጥያቄውን የሚያወጣው ተመራማሪው ነው። መጠይቅ ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ጥያቄውን መልሰህ ጠያቂውን ትሸኛለህ፣ በቃ።

ሁለተኛው መንገድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ እዚያ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። መስማት የተሳናቸውና የሚሰሙ ተማሪዎች አብረው ይማራሉ። ቋንቋውን ለማጥናት ደግሞ ባለቤቶቹን መጠየቅ ግድ ነው። የትኛው ምልክት ትክክል ነው ቢባል፣ ዳኛው መስማት የተሳነው ሰው ነው፤ ፕሮፌሰሩም ቢሆን ተማሪ ይሆናል። ከዚያ የሚወጣው አስተርጓሚና መምህር ነው፤ ይህ ሆስፒታልና ክፍል ውስጥ ወዲያው ይታያል። በእርግጥ አዝጋሚ መንገድ ነው፣ የሚደርሰውም ለጥቂት ሰው ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ በጀት ለማስፈቀድ የመጀመሪያውን እይዛለሁ። የተገለለውን ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ለማስቀመጥ ግን ሁለተኛውን።