ለበዛ ለሃጭ የትኛው ይሻላል፦ ጠብታ፣ ኪኒን ወይስ የሚለጠፍ?

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ገብቶ «ለሃጭ የሚያደርቅ» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚነሡት ስሞች አብዛኞቹ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አንቲኮሊነርጂክ ይባላሉ። የምራቅ ዕጢን የሚያዝዘውን አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ ያግዳሉ። ያው መልእክተኛ ልብን፣ አንጀትን፣ ፊኛን፣ ዓይንንና ላብንም ስለሚያዝዝ አፍ ብቻ አይደርቅም። ስለዚህ ሲመርጡ «የትኛው ይበልጥ ያደርቃል?» ከማለት ይልቅ የትኛው ወደ አንጎል እንደሚገባና ችግር ሲመጣ የትኛው ቶሎ ከሰውነት እንደሚወጣ ይጠይቁ። ሁሉም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ናቸው።

ለሃጩ ድንገት ከጀመረ መድኃኒት ቤት አይሂዱ። ትኩሳት ያለውና መዋጥ ያቃተው ልጅ፣ ወይም ፀረ ተባይ ሲረጭ ውሎ የሚያልበው፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበና ለሃጩ የሚፈስ ሰው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። እዚህ የምናወዳድረው ለቆየ ችግር የሚሰጡትን ነው፦ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለበት ልጅ፣ ፓርኪንሰን ወይም ስትሮክ ላዳከመው አዛውንት፣ ክሎዛፒን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እየወሰደ ሌሊት ትራሱ ለሚርስ ታማሚ። የተበላሸ ጥርስና የቆሰለ ድድም ምራቅ ያበዛሉ፤ እነሱ መጀመሪያ ይታከሙ።

ለአብዛኛው አዋቂ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ከምላስ ሥር የሚደረገው የአትሮፒን 1 በመቶ የዓይን ጠብታ ነው ብለን እናምናለን። የተሠራው ለዓይን ነው፤ ለለሃጭ የሚሰጠው ሐኪም ሲወስን ብቻ ነው። አንድ ጠብታ 0.5 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ በ1 ጠብታ ይጀመራል፣ እንደ ሁኔታው ይጨመራል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ይሠራል፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይለቃል። ስለዚህ ሰው በሚበዛበት ቦታ ወይም ከመኝታ በፊት ብቻ መጠቀም ይቻላል፤ ካልተስማማም ውጤቱ ቶሎ ያልፋል። ታማሚው ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ አፉ ይጠረግ፣ ምላሱን ያንሣ፤ የጠርሙሱ አፍ ምላስ ሳይነካ ጠብታዋ ትውደቅ። እጅዎን ይታጠቡ፤ በጣትዎ ዓይንዎን ከነኩ ብሌኑ ሰፍቶ ማየት ይደበዝዝብዎታል። አንገቱን መቆጣጠር ለማይችል ልጅ ግን ስንት ጠብታ እንደገባ መቁጠር ስለሚያስቸግር አይመችም። አንዷ ባለ 5 ሚሊሊትር ጠርሙስ በአጠቃላይ 50 ሚሊግራም አትሮፒን አለባት፤ ከዚያ እጅግ ያነሰው ሕፃን ሊገድል ይችላል። ካርቶኑ ላይ «ለአፍ» ብለው ይጻፉ፣ ከሌላ የዓይን ጠብታ ለይተው ይቆልፉባት፣ ከተከፈተች 4 ሳምንት ሲሞላት ያስወግዷት።

አሚትሪፕቲሊን የተባለው ኪኒን ርካሽ ነው፣ ብዙ ቦታም ይገኛል። ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ይሰጣል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ለሃጩ ሌሊት ለሚበረታና እንቅልፍ ለሚያጣ ሰው ይጠቅማል። ለአዛውንት ግን መውደቅንና መቃዠትን ያመጣል፤ የልብ ምት መዛባት ላለበት፣ ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ) ወይም ፍሉኦክሰቲን (የድባቴ መድኃኒት) ለሚወስድም አደገኛ ነው። አርቴን (ትራይሄክሲፌኒዲል) የሚመረጠው ለአእምሮ ሕመም በሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ምክንያት ሰውነቱ ለሚገትር ሰው ነው፤ ሁለቱን ችግር አንድ ላይ ይይዛል። የመርሳት ችግር ላለበት አዛውንት አንመክረውም።

ከዓረብ አገር ዘመድ የሚልከው ከጆሮ ኋላ የሚለጠፍ ስኮፖላሚን ብዙ ቤት ይደርሳል። አንዱ ለ3 ቀን ይሠራል፤ መዋጥ ለማይችል ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ወደ አንጎል በደንብ ይገባል፣ አዛውንትን ያቃዣል፣ ከተነሣም በኋላ ውጤቱ ለሰዓታት ይቆያል። «ግማሹ ይበቃዋል» ብሎ በመቀስ መቁረጥ መድኃኒቱ የሚለቀቅበትን መጠን ያበላሻል። አሮጌውን ሳያነሡ አዲስ መለጠፍ ደግሞ መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። ስሙንም ልብ ይበሉ፦ ስኮፖላሚን ሃዮሲን ሃይድሮብሮማይድ ተብሎም ይሸጣል፤ ለሆድ ቁርጠት የምናውቀው ቡስኮፓን ግን ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ ነው። ቡስኮፓን ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ ስለዚህ በኪኒን መልክ ለለሃጭ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም።

ግላይኮፒሮኒየም ወደ አንጎል እምብዛም ስለማይገባ ለልጆችና ለአዛውንት የተሻለው እሱ ነው፤ ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው። ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል፤ ቅባት ያለው ምግብ ሥራውን ያዳክመዋል። ለልጅ በኪሎ 0.02 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ይጀመራል። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚወስደው 0.3 ሚሊግራም ነው፤ ከባለ 1 ሚሊግራም ኪኒን ይህን ቆርሶ ማውጣት ስለማይቻል ፈሳሹን ይፈልጉ። በ5 ሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ያለው ከሆነ 1.5 ሚሊሊትር በመርፌ መሳቢያ ይለካል። ሌላ ጥንካሬ ያለው ፈሳሽም ስላለ መለያውን ሳያነቡ አይለኩ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል።

የትኛውንም ከመግዛትዎ በፊት ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም)፣ የፕሮስቴት ማበጥና የሽንት መያዝ፣ የአንጀት መዘጋት፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም ሕመም) ወይም የልብ ምት ፍጥነት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ዓይኑን ተመርምሮ ለማያውቅ አዛውንት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው አንጀቱ ቀድሞውኑ የደከመ ስለሆነ ሌላ አድራቂ ኪኒን ሲጨመርበት ድርቀቱ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል፤ 3 ቀን ካልተጸዳዳ ሐኪም ይየው። ለጉንፋን የሚገዙት ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚንም የዚሁ ዓይነት ሥራ ስላላቸው አይደርቧቸው። ጫትም ልብን ያፈጥናል፣ ሆድ ያደርቃል። ላብ ስለሚቀንስ ሙቀቱ ከደሴ በሚብሰው ኮምቦልቻ ታማሚውን እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አያቆዩት። በረመዳን የቀኑን ሦስት መጠን በሌሊት ማጨናነቅ አይቻልም፤ ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክሩ። አስተናግርን (ዕፀ ፋሪስን) በምትክነት አይሞክሩ፤ ያለበት አትሮፒንና ስኮፖላሚን ከተክል ተክል ስለሚለያይ ሊለካ አይችልም።

ደረቱ ላይ አክታ ያለበት ሰው ሲደርቅበት አክታው ወፍሮ ይጣበቅና የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ቆዳው ከጋለና ከቀላ፣ ብሌኑ ከሰፋ፣ ልቡ ከፈጠነ ወይም የሌለ ነገር ማየት ከጀመረ መድኃኒቱን አቁመው ከነካርቶኑ ይዘው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። እንዲያስታውክ ማድረግ አያስፈልግም።

ከመጀመርዎ በፊት በቀን ስንት የአንገት ጨርቅ እንደሚረጥብ ለአንድ ሳምንት ይጻፉ፤ ከጀመሩም በኋላ እንዲሁ። 6 ጨርቅ ወደ 2 ከወረደና አፉ ካልተሰነጣጠቀ መጠኑ በቂ ነው፤ ጨርቁ ጨርሶ እስኪደርቅ አይጨምሩ።